ባትሪው አዲስ፣ ሞተሪኖው ግን «ቀጭ» ብቻ

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚሠራ አንድ ሃይሩፍ፣ ባለ 5ኤል (የቶዮታ ሞተር ዓይነት ነው) የናፍጣ ሞተር፣ ጠዋት ጠዋት በግፊያ እየተነሳ ሰነበተ። ሹፌሩ ያደረገው አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን ነው፤ አዲስ ባትሪ ገዛ። ባትሪው ታስሮ ቁልፉ ሲዞር ግን ያው አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ብሎ ጸጥ። መኪናው ጋራዥ የገባው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ቁልፍ ሲዞር ድምፁ «ቀጭቀጭቀጭ» እያለ የሚደጋገም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ የባትሪ ጫፍ ነው። ሶሌኖይዱ (ሞተሩን በሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ያለው በማግኔት የሚስብ ማብሪያ) ስቦ ኮንታክቱን፣ ማለትም ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን የመዳብ መገናኛ፣ ሲዘጋ ቮልቱ ይወድቃል፣ ስለዚህ ይለቃል፤ ሲለቅ ቮልቱ ያገግማል፣ መልሶ ይስባል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ብሎ «ቀጭ» ካለ ግን ሶሌኖይዱን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ኤሌክትሪክ ደርሷል፣ የቀረው ሞተሪኖውን የሚያዞረው ትልቁ ነው። ሁለቱን ለመለየት የፊት መብራት አብርቶ ቁልፉን መያዝ ይበቃል። መብራቱ ጭልም ካለ ባትሪው፣ የባትሪ ጫፎቹ፣ ወይም የተጣበቀ ሞተሪኖ ይጠረጠራል። ምንም ካልተለወጠ ሞተሪኖው ኤሌክትሪክ እየወሰደ አይደለም ማለት ነው።

የዚህ ሃይሩፍ መብራት ንቅንቅ አላለም። ባትሪው ላይ የተደረገው ቴስተር 12.6 ቮልት አሳየ፣ ቁልፉ እንደተያዘ 12.4። ይህን የሚያህል የናፍጣ ሞተር ሲዞር ሞተሪኖው ከ200 አምፔር በላይ ስለሚስብ ጤነኛ ባትሪ እንኳ ወደ 10 እና 11 ቮልት ይወርዳል (ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ይመረመራል)። እዚህ የወረደው 0.2 ቮልት ብቻ ነው። ባትሪውን ከጥፋተኝነት ነጻ ለማውጣት ይኸው በቂ ነበር፤ አሮጌው ባትሪም ከመቀየሩ በፊት እንዲህ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ሹፌሩ ያን ወጪ ባላወጣ ነበር።

ረዳቱ ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቆርቆር ሲያደርገው መኪናው ተነሳ። ብዙ ቦታ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። መቆርቆሩ የተበላውን ኮንታክት ወይም የተቀረቀረውን ካርቦን (ለሚዞረው የሞተሪኖ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን) ለጊዜው ቦታ ያስቀይራል እንጂ አይጠግንም። ቁልፉ ተይዞ ሳለ የሞተሪኖውን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች በካቻቢቴ ማገናኘት ደግሞ ጨርሶ መደረግ የለበትም፤ ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ሰው ላይ ሊሄድ ይችላል፣ ብልጭታውም እጅ ያቃጥላል።

ሞተሩ ጠፍቶ መልሶ እምቢ ሲል ትክክለኛው ልኬት ተጀመረ። ማርሹ ነጻ ተደርጎ፣ እጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ የናፍጣ ፓምፑ መዝጊያ ሽቦ ተነቀለ። አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ሳለ ከቁልፍ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ (50 ቁጥር) 11.8 ቮልት ነበረው፤ ስለዚህ የቁልፍ ቤቱም መስመሩም ደህና ናቸው። ከባትሪ የሚመጣው ትልቁ ብሎን (30 ቁጥር) 12.4፤ ወደ ሞተሪኖው ሆድ የሚገባው ሌላው ብሎን ግን 1 ቮልት እንኳ አልሞላም። በሁለቱ መካከል ያለው ሶሌኖይዱ ውስጥ የተቀመጠ የመዳብ ኮንታክት ብቻ ነው፣ በእሱ ላይ ደግሞ ከ0.3 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም።

የባትሪው ኔጌቲቭ ቀድሞ ተፈትቶ ሞተሪኖው ወረደ፣ የሶሌኖይዱ ክዳን ሦስት ብሎኖች ተፈቱ። ሁለቱ መዳቦች ተበልተዋል፣ በባትሪው በኩል ያለው ደግሞ ስስ ሆኖ ጠርዝ ብቻ ቀርቶታል። የታክሲ ሥራ ይህን ያፋጥነዋል፤ ተራ ሲጠበቅ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቀኑን ሙሉ ይነሳል፣ እያንዳንዱ ማስነሳት ብልጭታ አለው። ሁለቱም መዳቦች በአንድነት ተቀየሩ። አንዱን ብቻ መቀየር ወይም አሮጌውን በሞረድ ማስተካከል ከፍታቸውን ያለያየዋል፣ ፕላንጀሩም (ሶሌኖይዱ ስቦ ሁለቱን መዳቦች የሚያገናኝበት ዘንግ) አንዱን ብቻ ነክቶ ይቆማል። የፕላንጀሩ ቀለበት ጎድጓዳ ስላልነበረው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጸዳ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ እንዳይዞር መያዝ ያስፈልጋል፣ አለዚያ መከላከያ ሮንዴላው ይሰነጠቃል።

ሞተሪኖው ተመልሶ ሲገጠም ዞረ፤ ግን ደከም ብሎ። ይህ ብዙዎችን «አዲሱ ኮንታክት አልሠራም» የሚያሰኝ ቦታ ነው። ቴስተሩ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት ተደርጎ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ 1.1 ቮልት አነበበ። ከ0.3 መብለጥ አልነበረበትም። የማሳው ገመድ (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው) ሻንሲው ላይ የታሰረበት ቦታ ከብሎኑ ሥር ዝጎ ነበር። ቀድሞ ያልታየው ኮንታክቱ ትልቁን ኤሌክትሪክ ስላላሳለፈ ነው፤ ኤሌክትሪክ በማይሄድበት መስመር ላይ ቮልት አይጠፋም። በኦም መለካትም አያሳየውም፦ 0.005 ኦም ለተራ ቴስተር ዜሮ ነው፣ በ220 አምፔር ግን 1.1 ቮልት ይበላል። ብሎኑ ተፈትቶ፣ ሁለቱም ፊቶች በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ተፈግፍገው፣ ታስሮ ከላይ ግሪስ ተቀባ። ልኬቱ ወደ 0.1 ወረደ፣ ሞተሩም በአንዴ ተነሳ።

መዳቡ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ መሄድ ይበጃል፤ ቅርጹና የብሎን ቀዳዳው በሞተሪኖው ዓይነት ስለሚለያይ በመኪናው ስም ብቻ የተገዛ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።