ከግድግዳው በፊት ወለሉን፦ በረግረግ አፈር ላይ ቦይ መደገፍን ስማር

ለስላሳና ውሃ ያዘለ አፈር ላይ ቦይ መደገፍ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ ተቀይሯል። ድሮ አፋፉ ላይ ስደርስ የማየው ግድግዳውን ነበር። ጎበጥ ብሏል? አፈር እያፈሰሰ ነው? አሁን መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። ቀጥሎ ፓምፑ የሚተፋውን ውሃ። ከዚያ የብረቶቹን መጋጠሚያ። ግድግዳው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ከየት እንደመጣ ላካፍላችሁ። በተለይ ደረቅና ጠንካራ አፈር ላይ ስትሠሩ ቆይታችሁ ወደ ረግረግ ለምትገቡ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በቦዩ ግራና ቀኝ ሺት ፓይል የምንለው ወደ መሬት የሚወርድ የብረት ሰሌዳ ይተከላል። ቁፋሮው ወደ ታች ሲወርድ በግድግዳው ርዝመት ዌለር የምንለው አግዳሚ ብረት ይታሰራል። ከአንዱ ዌለር ወደ ማዶው ዌለር ስትራት የሚባል ደጋፊ ብረት ይወጠራል። የግራው አፈር የቀኙን ይገፋል፣ የቀኙም የግራውን፤ ስትራቱ መሀል ገብቶ ሁለቱን ያስታርቃል። ሺት ፓይሎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተቆላልፈው ነው የሚወርዱት። የብሬመን ከተማው መሐንዲስ ትሪግቬ ላርሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያመጣው የዩ ቅርጽ ዛሬም በየሳይቱ አለ።

ክብደቱን አስቡት። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከ1.6 እስከ 2 ቶን ይመዝናል። ሰው እስከ ደረቱ ብቻ ቢቀበር እንኳ ደረቱ መስፋት ስለማይችል መተንፈስ ያቅተዋል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ከ1.5 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦይ በጠንካራ ዓለት ካልተቆፈረ በቀር መደገፍ ወይም ጎኖቹ መጋደም አለባቸው የሚለው ለዚህ ነው። ረግረግ ላይ ግን 1.5 ሜትርም ብዙ ነው። ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ የሚሠራበት ጥልቀት ከሆነ እኔ ያለ ድጋፍ ሰው አላስገባም።

አፈሩን ማወቅ የሚጀምረው በእጅ ነው። ከቁፋሮው የወጣውን ሸክላ ጨብጠው። በጣቶችህ መሀል ሾልኮ ከወጣ በጣም ለስላሳ ነው፤ ጥንካሬው ከ20 ኪሎ ፓስካል (የጫናና የጥንካሬ መለኪያ ነው) በታች ነው ማለት ነው። በጣት ቀላል ግፊት ቅርጹን የሚቀይር ከሆነ ከ20 እስከ 40 ባለው ውስጥ ነው። ይህ ግምት ብቻ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት መስቀል ቅርጽ ያለው ምላጭ አፈሩ ውስጥ ተሰክቶ እስኪቆርጠው ድረስ የሚዞርበት ቬን የሚባለው መሣሪያ አለ። ለእጅ የሚሆን ትንሽ ዓይነት ስላለው በየጥልቀቱ መለካት አይከብድም። ዲዛይኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከሳይቱ ቁጥር ጋር ማመሳከር ልማድ አድርጌዋለሁ።

ያ ቁጥር ምን ይሠራል? ወለሉ ይነሣል ወይስ አይነሣም የሚለውን ይነግርሃል። ቦይ ስንቆፍር ከውስጥ ክብደት እናነሣለን፤ ከውጭ ያለው ክብደት ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ የውጩ አፈር በሺት ፓይሉ እግር ሥር ዞሮ በወለሉ በኩል ሊወጣ ይፈልጋል፤ ሊጥ በጎንና በጎኑ ሲጫኑት መሀሉ እንደሚነፋ ማለት ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወለሉ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ከላይ ደግሞ ከቦዩ ፈንጠር ብሎ መሬቱ ይሰምጣል። የአፈር መሐንዲሱ ራልፍ ፔክ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳስቀመጠው የአፈሩ ክብደት በጥልቀቱ ተባዝቶ ለጥንካሬው ሲካፈል ውጤቱ 3 ወይም 4 ሲያልፍ እንቅስቃሴው እየጨመረ ይሄዳል። ከ6 ሲያልፍ የወለሉ ነገር ያሰጋል።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ይህን ስሌት ከጨረስኩ በኋላ ነው የአፈር ክምርን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። ቦዩ ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር ነው፤ ርዝመቱ ረጅም ነው። አፈሩ በሜትር ኩብ 17 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል፤ ጥንካሬው 15 ኪሎ ፓስካል ነው። የአፈሩ ጫና 17 ሲባዛ በ4፣ 68 ይሆናል። ለ15 ሲካፈል 4.5 ይመጣል፤ እንቅስቃሴ የሚጀምርበት ክልል ውስጥ ገብተናል። ቢዬሩምና ኤይዴ የተባሉ የኖርዌይ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ዘዴ እንዲህ ላለ ረጅምና ጠባብ ቦይ የመሸከሚያው ቁጥር፣ ማለትም ወለሉ የአፈሩን ጥንካሬ ስንት እጥፍ ጫና እንደሚችል የሚናገረው ቁጥር፣ 7 ገደማ ነው። 7 በ15 ሲባዛ 105። አፋፉ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ክምር አለ እንበል፤ 10 ኪሎ ፓስካል ይጨምራል። ጫናው 78 ሆነ። አቅሙን ለጫናው፣ 105ን ለ78 ስናካፍል 1.35 እናገኛለን፤ ይህ የደህንነት ልኩ ነው። ብዙ መሐንዲስ የሚፈልገው 1.5 ነው።

አሁን ክምሩን ብቻ ከአፋፉ አርቀው። 105 ለ68፣ 1.54። አንድ ብረት ሳይጨመር ከሚያሳስብ ወደሚያስተማምን ተሻገርን። በተቃራኒው ክምሩ እዚያው እያለ የአፈሩ ጥንካሬ 15 ሳይሆን 12 ቢሆንስ? 84 ለ78፣ 1.08። ጫፍ ላይ ነን። የ3 ኪሎ ፓስካል ልዩነት በእጅ ጨብጠህ የምትለየው አይደለም። ደንቡ የወጣውን አፈር ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከጠርዙ አርቁ ይላል፤ እሱ ግን በዋናነት አፈሩ ሠራተኛው ላይ እንዳይንከባለል ነው። ለስላሳ ሸክላ ላይ ክምሩ ቢያንስ የቦዩን ጥልቀት ያህል ይራቅ እላለሁ። የእስካቫተሩም ሰንሰለት እንደዚያው።

ሸክላው እንዲህ ነው። አሸዋና ደለል ሲሆን ደግሞ ጨዋታው የውሃ ነው። ከውጭ ያለው ውሃ ከፍ ብሎ፣ ውስጥ ያለው በፓምፕ ዝቅ ስላለ፣ ውሃው በሺት ፓይሉ እግር ሥር ዞሮ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የአሸዋውን ክብደት ሲያህል አሸዋው ሰው መሸከም ያቆማል፤ ይፈላል። በቁጥር ስናየው፣ ውሃው በተጓዘበት በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሜትር ያህል ከፍታ ካጣ ገደቡ ላይ ደርሷል። መድኃኒቱ መንገዱን ማርዘም ነው፤ ማለትም ሺት ፓይሉን ከወለሉ በታች ጠለቅ አድርጎ መትከል። ወይም ከውጭ ያለውን ውሃ ዝቅ ማድረግ። ዌልፖይንት የሚባለው፣ መሬት ውስጥ ተተክሎ ውሃ በመሳብ የሚያወጣ ቀጭን ቧንቧ፣ በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር ያህል ይስባል ቢባልም በተግባር ከ5 እስከ 6 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በደረጃ መትከል ግድ ነው።

ከአንድ አንጋፋ ፎርማን ያገኘሁት ዘዴ አለ፤ እስካሁን ከዚህ የሚቀል አላየሁም። ፓምፑ ከሚተፋው ውሃ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ጣውላ ላይ ያስቀምጠዋል። ትንሽ ቆይቶ ያነሣና ታቹን በብርሃን በኩል ያያል። ውሃው ከላይ እየጠራ ታች ቀጭን የአሸዋ ንጣፍ ከተኛ ችግር አለ። ያ አሸዋ ከሆነ ቦታ ነው የመጣው። ከግድግዳው ጀርባ ወይም ከወለሉ ሥር ባዶ እየተፈጠረ ነው ማለት ነው። ጠርሙሶቹን በየሰዓቱ ቀድቶ በተርታ ይደረድራቸዋል። ንጣፉ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ሲወፍር ሰው ከቦዩ ይወጣል፤ ክርክር የለም። የሚፈላ ቦታ ሲታይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተጨማሪ ፓምፕ ማምጣት ነው። ያ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ልክ የሚሆነው ሰው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ከፍ እንዲል መተው፣ ወይም ውሃውን አሳልፎ አሸዋውን በሚይዝ ጠጠር መጫን ነው።

ሦስተኛው የወለል አደጋ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከወለሉ ሥር ቀጭን ሸክላ፣ ከእሱ ሥር ደግሞ ውሃ የተሞላ አሸዋ ሲኖር። 2 ሜትር ሸክላ ከቀረ ክብደቱ 34 ኪሎ ፓስካል ነው። ከታች ያለው ውሃ ቧንቧ ቢተከልለት 4 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ግን 40 ገደማ ይገፋል። ሸክላው ደረቅና ንጹሕ መስሎ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የአፈር ምርመራው ጉድጓድ የቦዩ ወለል ላይ ሲደርስ መቆም የለበትም።

በቁልፎቹ መሀል የሚንጠባጠብ ውሃ ግን ብዙም አያስፈራኝም። ከውጭ በኩል በግድግዳው ላይ ሰጋቱራ ወይም አመድ ሲለቀቅ ውሃው ራሱ ስቦ ወደ ክፍተቱ ያስገባዋል።

ወደ መጋጠሚያዎቹ ልምጣ። ግድግዳውን የሚገፋው ጫና በአማካይ 40 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ስትራቶቹ በየ3 ሜትሩ ቢሆኑና እያንዳንዱ የ2 ሜትር ከፍታ ቢሸከም፣ አንዱ ስትራት ላይ 240 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። 24 ቶን ገደማ ነው። ያ ሁሉ የሚያልፈው የስትራቱ ጫፍ ዌለሩን በሚነካባት ትንሽ ቦታ ነው። እዚያ ላይ የዌለሩ ሆድ እንዳይጨፈለቅ የሚበየዱት ማጠንከሪያ ላሜራዎች ትንሽ ይመስላሉ፤ ሥራው ያለው ግን እነሱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ሲንጋፖር ውስጥ ኒኮል ሀይዌይ አጠገብ የተደረመሰው ቁፋሮ ለዚህ ትልቁ ትምህርት ነው። ለስላሳ የባሕር ሸክላ ነበር፤ ጥልቀቱ 30 ሜትር ገደማ ደርሷል። አራት ሰዎች ሞቱ። የምርመራ ኮሚቴው ካገኛቸው ምክንያቶች አንዱ የዲዛይኑ ስሌት ሸክላውን ከእውነቱ ይልቅ ጠንካራ አድርጎ መውሰዱ ነው። ሌላው የስትራትና የዌለር መጋጠሚያው ለሚሸከመው ኃይል ደካማ መሆኑ ነው። በማጠንከሪያ ላሜራ ፋንታ የሲ ቅርጽ ብረት የገባባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ እሱም ሲታጠፍ ኃይሉን ይዞ አልቆየም። አንዱ ደረጃ ሲለቅ ጭነቱ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ እሱም አልቻለም። ይህን ካነበብኩ በኋላ መጋጠሚያ ሳይ ቶሎ አልነሣም። ብየዳው ዙሪያውን ሞልቷል? ሽብልቁ ጠብቋል? ስትራቱ ከዌለሩ መሀል ላይ ነው ወይስ ወደ ጎን ሸሽቷል? በስትራቱ ላይ ዕቃ የሚያንጠለጥል ሰው ካየሁ አስወርዳለሁ። ቀጭን ስትራት ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሳይጎብጥ የሚሸከመው ወደ ሩብ ነው የሚወርደው፤ በጎን የሚመጣ ትንሽ ምት እንኳ ይቆጠራል።

የሥራ ቅደም ተከተሉ ላይ የማልደራደረው አንድ ነገር አለ። ከስትራቱ ደረጃ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ መቆፈር፣ መግጠም፣ መወጠር፣ ከዚያ መቀጠል። እስካቫተሩ ቆሞ ሲጠብቅ ኦፕሬተሩ «ትንሽ ልጨምርና አብረን እንገጥማለን» ማለቱ አይቀርም። ለስላሳ ሸክላ ላይ ያ «ትንሽ» ግድግዳው ወደ ውስጥ የሚሄድበት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከሄደ ደግሞ ስትራት አይመልሰውም። ርዝመቱንም በአጭር በአጭሩ መክፈት ይሻላል። ጠዋት ሰው ከመግባቱ በፊት ሲባጎ ወጥሮ የዌለሩን መስመር ማየት፣ ወለሉ ላይ የተተከሉ ምልክቶችን በሌቭል ማንበብ፣ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ መድገም። መሰላል ሠራተኛው ካለበት ከ7.5 ሜትር ሳይርቅ። ረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ነገር ስለሚኖር አየሩም በመለኪያ ይታይ፤ ሽታ ላይ መተማመን አይቻልም፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል።

ድጋፉን ማፍረሱ ከመትከሉ ይከብዳል። አፈሩ ተመልሶ፣ ተጠቅጥቆ፣ የታችኛው ስትራት ሥር ሲደርስ ብቻ ነው ያ ስትራት የሚወጣው። ሺት ፓይሉ ሲነቀል ሸክላ ተጣብቆ አብሮ ይወጣል፤ የተወው ክፍተት የተጠቀጠቀውን አፈር ወደ ጎን ያስከፍታል፣ ቦዩ ውስጥ የተዘረጋው ቱቦ ይላላል። ቱቦው ለቁልቁለት ስሱ ከሆነ ወይም ግድግዳው ሕንፃ አጠገብ ከሆነ ሺት ፓይሉን ከላይ ቆርጦ እዚያው መተው ነውር አይደለም።

አሁን እየተማርኩ ያለሁት ስትራትን በጃክ አስቀድሞ መጫንን ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ግድግዳው መጥቶ ስትራቱን ከሚያገኘው ስትራቱ ሄዶ ግድግዳውን ይይዘዋል። የሙቀቱ ነገር ግን ገና እያስጠናኝ ነው። 10 ሜትር የብረት ስትራት በ20 ዲግሪ ሲሞቅ 2.4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ዳር ዳሩ ፈጽሞ ባይንቀሳቀስ 50 ሜጋ ፓስካል ያህል ተጨማሪ ጫና ይመጣበት ነበር፤ ለስላሳ አፈር ስለሚሰጥለት ግን የሚደርሰው የዚያ ከፊሉ ነው። ስንት ከፊል የሚለው በአፈሩ ይወሰናል። ስለዚህ ከእንግዲህ የአንዱን ስትራት ጭነት ጎሕ ሲቀድና እኩለ ቀን ላይ ለማንበብ አስቤያለሁ፤ ጎን ለጎንም የብረቱን ሙቀት እመዘግባለሁ። እንዲህ ያለ ንባብ የያዛችሁ ካላችሁ ጥልቀቱንና የአፈሩን ዓይነት ጨምራችሁ አካፍሉን።