ቀና ብሎ መቀመጥ

ዛሬም ጠዋት የጦሳ ተራራ አልታየም። ነሐሴ ላይ ደሴ እንዲህ ናት፤ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ምክንያቱን ሳላውቅ ሆዴን ባር ባር እያለኝ ተነሳሁ። ጋቢዬን አራት አጥፌ ግድግዳው ፊት ተቀመጥኩበት። ጃፓኖቹ ዛዜን ለሚሉት ተቀምጦ ማሰላሰል ዛፉ የሚባል ክብ ትራስ አላቸው። እኔ ጋቢ አለኝ፣ ይበቃል። ዋናው ነገር መቀመጫ ከጉልበት ከፍ ማለቱ ነው። ያኔ ጉልበት መሬት ይይዛል፣ ወገብም ሳይታገል ይቃናል።

ዶገን የሚባለው ጃፓናዊ መነኩሴ ከቻይና ተመልሶ በ1227 እ.ኤ.አ. ስለ አቀማመጥ ሲጽፍ፣ ጆሮ በትከሻ ትይዩ፣ አፍንጫ በእምብርት ትይዩ ይሁን ይላል። ዓይን አይጨፈንም፤ ወደ ታች ዝቅ ይላል እንጂ። የግራ እጅ በቀኙ ላይ ያርፋል፣ አውራ ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ይነካካሉ። ሐሳብ ሲወስደኝ ቀድመው የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው። ይወድቃሉ።

ዛሬ ወዲያው ወደቁ። አያቴን አስቤ ነው።

በርጩማዋ ከመሬት ስንዝር ቢሆን ነው። እሷ ስትቀመጥበት ግን ወገቧ እንደ ዘነዘና ቀጥ ይላል። ቡና ስትቆላ ዓይኗ ከምጣዱ አይነሳም። ፍሬው ማላብ ሲጀምር እጇ ይፈጥናል፣ መንጣጣት ሲጀምር ደግሞ ቀስ ይላል። መስገጃዋ ላይም ያው ናት፤ ዓይኗ ግንባሯ የሚያርፍባት ቦታ ላይ ነው። እኔ ስልክ ላይ ስጎብጥ «ቀና በይ የኔ ልጅ፣ ሳታረጂ» ትለኝ ነበር። እሷን ማን አስተማራት?

የደሴ ብርድ ሲጠናባት በሐረጎ ቁልቁለት አውርደን ኮምቦልቻ አጎቴ ቤት አስገባናት። ሶፋ ገዛንላት። «አሁንስ እረፊ» አልናት። ምጣዱን ተቀበልናት፣ ሙቀጫውን ተቀበልናት። አሁን ሶፋው ውስጥ ሰምጣለች። ጀርባዋም ጎብጧል።

እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ጀርባዋ ነበር። ዛሬ ግን ዶገን በወጣትነቱ ቻይና ያገኛቸው የገዳም ወጥ ቤት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። 68 ዓመታቸው ነው፣ ጀርባቸው እንደ ደጋን ጎብጧል። በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ ያለ ባርኔጣ፣ እንጉዳይ ያሰጣሉ። ለምን ረዳት አያዙም ቢላቸው፣ ሌላ ሰው እኔ አይደለም አሉት። ፀሐዩ በርዶ ቢሰሩትስ ቢላቸው ደግሞ፣ ታዲያ የትኛውን ሰዓት ልጠብቅ አሉት።

ጎባጣ ነበሩ። እንጉዳዩን ግን ማንም አልቀማቸውም።

ባለፈው እሁድ ኮምቦልቻ ወርጄ ምስር ስለቅም አያቴ እጇን ዘርግታ ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበችው። ጣቶቿ ወዲያው ጠጠር አገኙ። እኔ ሳላየው ያለፍኩት ጠጠር ነው። ልፋት መስሎኝ «አብሽሪ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብዬ መልሼ ወሰድኩት። ምንም አላለችም። ጠጠሯን በጣቶቿ መሃል እንደያዘች ቆየች።

ዕቃዋን ከደሴ ስንጭን በርጩማዋን መኪናው ላይ ያየሁት አይመስለኝም። የት ገባ? ባገኘውና ባወርድላት፣ ከዚያ ሶፋ ትነሳ ይሆን?