ለቀረጻ፣ ለኤዲቲንግና ለዕይታ የተለያየ የቪዲዮ ፎርማት የመረጥኩበት መንገድ

የቆዩ የቪ.ኤች.ኤስ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ስነሳ፣ ቪዲዮው ከካሴቱ ወጥቶ ተመልካች ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን ሦስት ደረጃዎች ለየብቻ አስቤ ለእያንዳንዳቸው ሌላ ፎርማት ለመምረጥ ወሰንኩ። ቀረጻ ምንም ዝርዝር እንዳይጠፋ ይፈልጋል፤ ኤዲቲንግ እያንዳንዱ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ምስል) በፍጥነት እንዲከፈት ይፈልጋል፤ ዕይታ ደግሞ ፋይሉ አነስ ብሎ በየመሣሪያው እንዲሠራ ይፈልጋል። እነዚህን ፍላጎቶች በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ፎርማት አላገኘሁም።

ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዳ ካሴት በ720 በ576 ነጥብ (ፒክሰል)፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በ8 ቢትና በ4:2:2 የቀለም ናሙና (ቀለሙ ከብርሃኑ ግማሽ በሆነ ዝርዝር የሚያዝበት አሠራር) ሳይታመቅ ቢቀመጥ በሰዓት 75 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ካሴቱ ሲበዛ ይህ የሚቻል አይደለም። ዲቪ የተባለው የዲጂታል ቪዲዮ ፎርማት ይህን ወደ 13 ጊጋባይት ያወርደዋል። ብዙዎች ፓል ዲቪን የሚነቅፉት ቀለሙን በ4:2:0፣ ማለትም ከ4:2:2 ባነሰ ዝርዝር፣ ስለሚይዝ ነው፤ የቪ.ኤች.ኤስ ቀለም ግን ቀድሞውንም ደካማ ስለሆነ ይህ ያን ያህል አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ ቋሚ ቢትሬቱ፣ ማለትም ለየሰከንዱ የሚመደበው የማይለወጥ የመረጃ መጠን፣ ነበር። አሮጌ ካሴት ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ ለኮዴኩ (ቪዲዮውን ለሚያምቀውና መልሶ ለሚፈታው ስልት) እንደማንኛውም የምስል ዝርዝር ስለሚቆጠር ከተመደበው ቢት ብዙውን ይሻማል፣ ጉዳቱም በሰዎችና በዕቃዎች ጠርዝ ላይ ይታያል። ስለዚህ ምንም መረጃ ሳይጥል የሚያምቀውንና ዝርዝር መግለጫው በ2021 በይፋ የታተመውን ኤፍ.ኤፍ.ቪ.1 የተባለ ኮዴክ መረጥኩ። በዚህ ኮዴክ የፋይሉ መጠን ካልታመቀው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ሦስተኛው እትሙም በየፍሬሙ ክፍልፋይ የስህተት ማረጋገጫ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ ፋይሉ ከጊዜ በኋላ ቢበላሽ ብልሽቱ የት እንደደረሰ ማወቅ ይቻላል።

ኤዲቲንግ ላይ ጥያቄው ከጥራት ይልቅ የኮምፒውተሩ ድካም ነው። እንደ ኤች.264 ያሉት ፎርማቶች በተለመደው አሠራራቸው ጥቂት ሙሉ ፍሬሞችን ብቻ ይይዙና የቀሩትን ከጎረቤቶቻቸው ባላቸው ልዩነት ይገልጻሉ። በመሆኑም አንድን ፍሬም ለማሳየት ሌሎች ፍሬሞች አስቀድመው መፈታት አለባቸው፤ ወደ ኋላ እየተመለሱ መቁረጫ ነጥብ ሲፈልጉ ፕሮግራሙ የሚንቀራፈፈው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ከዋናው የኤፍ.ኤፍ.ቪ.1 ቅጂ ፕሮሬስ 422 ወደተባለው የኤዲቲንግ ኮዴክ ቀየርኩ፤ ፕሮሬስ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚያምቅና ለመፍታት ቀላል ስለሆነ ሥራው ይፈጥናል። ኤፍ.ኤፍ.ቪ.1ም ፍሬሞቹን ለየብቻ ማመቅ ይችላል፣ ነገር ግን ለመፍታት ስለሚከብድ ለዚህ ሥራ አላዋልኩትም።

የዕይታ ቅጂውን በኤም.ፒ.4 ማቀፊያ (ምስልና ድምፅን በአንድ ላይ በሚይዝ የፋይል ዓይነት) ውስጥ በኤች.264 አወጣሁ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ኤች.265 ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ ገደማ ቢትሬት እንደሚሰጥ ቢነገርለትም የቆዩ ቴሌቪዥኖች አይከፍቱትም፤ ዝቅተኛ ጥራት ባለው ምስል ላይ የሚተርፈው ቦታም ለዚህ ችግር የሚያበቃ አይደለም። ኤክስ264 በሚባለው ኢንኮደር (ቪዲዮን ወደ ኤች.264 በሚቀይረው ፕሮግራም) የጥራት ቁጥሩ ሲያንስ ምስሉ ይሻላል፤ ካልተቀየረ 23 ሲሆን እኔ 18 ተጠቀምኩ። ከዚህ ቁጥር ይልቅ ውጤቱን የወሰኑት ግን ሦስት ቀላል የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የካሴት ምስል በሰከንድ 50 ግማሽ ምስሎች ሆኖ ስለሚመጣ እነዚህን ወደ 50 ሙሉ ፍሬሞች መለወጥ እንቅስቃሴውን ለስላሳ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ነጥቦቹ እኩል ካሬ ስላልሆኑ ምስሉ ወደ 768 በ576 ካልተስተካከለ ሰው ሁሉ ቀጥኖ ይታያል። ሦስተኛ፣ ቀለሙ ወደ 4:2:0 መቀየር አለበት፤ ምንጩ 4:2:2 ስለሆነ ኢንኮደሩ እንዳለ ሊተወው ይችላል፣ ያን ጊዜም ኮምፒውተር ላይ ያለችግር የሚከፈተው ፋይል በብዙ ቴሌቪዥኖች አይሠራም።

የዕይታ ቅጂው በትክክል መውጣቱን ካየሁ በኋላ የፕሮሬሱን ፋይል አጠፋዋለሁ፤ የኤዲቲንግ ፕሮጀክቱና የኤፍ.ኤፍ.ቪ.1 ቅጂው እስካሉ ድረስ እንደገና ሊሠራ ይችላልና። የኤፍ.ኤፍ.ቪ.1 ቅጂውን ግን በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ አስቀምጣለሁ።