«አሪፍ ነው» የተባለው ድረ ገጽ እና ጥር 18

ታላቅ እህቴ ደሴ ፒያሳ የሐበሻ ቀሚስ ስፌት ቤት አላት። ድረ ገጹን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሲያልቅ ሊንኩን ለጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁና «እንዴት ነው?» አልኳቸው። «አሪፍ ነው»፣ «እጅህ ይባረክ»፣ «በርታ» የሚል መልስ ጎረፈልኝ። ደስ አለኝ። ሲውል ሲያድር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «ይህቺን አስተካክል» ያለኝ የለም።

ሰው የለፋበትን ነገር ፊት ለፊት ማጣጣል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ይሉኝታ ይይዛል። እኔም ብጠየቅ ያንኑ እል ነበር። ጥፋቱ ከጥያቄዬ ነው። «እንዴት ነው?» ስትለው ሰው የሚያየው ያንተን ፊት ነው።

ስለዚህ አስተያየት መለመኑን ተውኩና ሥራ መስጠት ጀመርኩ።

ከእህቴ ሱቅ አጠገብ ጫማ ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። አንድ ቀን ቡና ልትጠጣ ስትመጣ «እስቲ በስልክሽ ክፈቺውና ጥር 18 ሰርግ እንዳለብሽ አድርገሽ ቀሚስ እዘዢ» አልኳት። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ከባድ ነው። እጄ ስልኳን ሊነጥቅ ሁለት ጊዜ ተነስቷል።

መጀመሪያ ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጣ ቆየች። ፎቶዎቹ አልመጡም። ዘጠኝ ፎቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ከስልኬ እንደወጣ 4 ሜጋባይት ገደማ። «ኧረ ዳታዬን ጨረሰው!» አለች። ቀጥላ የማዘዣውን ቁልፍ አጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንሸራትት ቆየች። ቁልፉ ነጭ ላይ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ ነው። ከጥለቱ ጋር እንዲሄድ ብዬ የመረጥኩት ነበር። በኋላ ስለካው የቀለሙ ንፅፅር፣ ማለትም ጽሑፉ ከመደቡ ጎልቶ የሚታይበት ልክ፣ 2.1 ለ 1 ሆኖ ተገኘ። ለተራ ጽሑፍ የሚመከረው ቢያንስ 4.5 ለ 1 ነው። እኔ ቤት ውስጥ በላፕቶፕ ሳየው ያምር ነበር። እሷ ግን ፀሐይ በሚገባበት በር ላይ ቆማለች።

ትልቁ ጉድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሰርጉን ቀን ስትሞላ ብሮውዘሩ የራሱን ካላንደር አወጣላት። ጃንዋሪ ይላል። «ጥር ማለት ነው አይደል?» አለችና 18ን ነካች። ጃንዋሪ 18 ጥር 10 ነው። ሰርጉ ከተራ ላይ ዋለ ማለት ነው! የባሰው ደግሞ ግልባጩ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በፈረንጅ ቆጥሮ ጃንዋሪ 18 ብሎ ቢያዝ፣ እህቴ ጥር 18 ብላ መዝገቧ ላይ ታሰፍር ነበር። ቀሚሱ የሚደርሰው ሰርጉ ካለፈ በስምንተኛው ቀን ነው። ይህን ሳስብ ላብ አጠመቀኝ። ሦስት ወር ሙሉ ያንን ሳጥን ሳየው፣ አንድም ቀን እንደ ሙሽራ ሆኜ ሞልቼው አላውቅም።

ፎቶዎቹን በዚያው ማታ አሳነስኳቸው። ስፋታቸው 1200 ፒክስል፣ ፎርማታቸው ዌብፒ የሚባለው ቀላል የፎቶ ዓይነት ሆኖ እያንዳንዱ ከ200 ኪሎባይት በታች ወረደ። ቁልፉን ጥቁር ቡናማ መደብ ላይ በነጭ ጻፍኩት። የቀኑን ሳጥን አውጥቼ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በእኛ አቆጣጠር የሚመረጥበት አደረግኩት፤ ከሥሩ የፈረንጁን ቀን ያሳያል።

ለኮዱ ደግሞ ሌላ ዓይን ያስፈልግ ነበር። ኮምቦልቻ የሚሠራ ፕሮግራመር ጓደኛ አለኝ። ሙሉውን ኮድ ልኬለት «እየው» ብለው ኖሮ እሱም «አሪፍ ነው» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ሦስት ፋይል ብቻ መረጥኩ፤ ማዘዣው፣ ፍለጋውና ቀን ቀያሪው። ጥያቄውንም አጠበብኩት፤ «ደንበኛ ምን ቢጽፍ ይሰበራል?» ቅዳሜ በሐረጎ ቁልቁል ወረድኩ። ኮምቦልቻ እንደ ሁልጊዜው ሞቃት ናት፤ ጃኬቴን አውልቄ ጎኑ ተቀመጥኩ።

ስም መሙያው ላይ አንዲት ነጠላ ጥቅስ ጻፈና ላከ። ገጹ ስህተት አውጥቶ ቆመ። ደንበኛው የጻፈውን እንዳለ ለዳታቤዙ (መረጃው ለሚቀመጥበት ቋት) ከምልከው መመሪያ ጋር እየቀጠልኩ ስለነበር፣ ክፉ ያሰበ ሰው የትእዛዝ መዝገቡን በሙሉ ሊያጠፋው ይችል ነበር። መመሪያውና ደንበኛው የጻፈው ተለያይተው እንዲላኩ አደረግን። ቀጥሎ ፍለጋው ላይ «ሀበሻ» ብሎ ጻፈ። ምንም አልመጣም። እኔ የመዘገብኩት «ሐበሻ» ብዬ ነው። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አሁን ከመፈለጉ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው ይመልሳል።

በመጨረሻ ቀን ቀያሪውን አየና «ጳጉሜ 6ስ?» አለኝ። እኔ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ብዬ ነበር የጻፍኩት። እሱ 2015ን አስገባበት፤ ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች። እኔም ማስረዳት ጀመርኩ፤ ጳጉሜ ላይ ማን ሰርግ ይደግሳል ምናምን። አቋረጠኝ። «ወንድሜ፣ እያንዳንዱ ደንበኛ አጠገብ ቆመህ ልታስረዳ ነው?» ልክ ነበር። ደግሞም ጳጉሜ 6 ከነበረች በኋላ እስከ የካቲት ከፈረንጁ ጋር ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ይገፋል። በ2016 ጥር 18 የዋለው ጃንዋሪ 27 ነው። ያቺ አንድ ቀን የጥር ሙሽሮች ላይ ነበር የምትወጣው።

ያልተቀበልኩት አስተያየትም አለ። አንዱ ፎቶዎቹ እንዲሽከረከሩ ፈለገ፣ ሌላው ገጹ ጥቁር ይሁን አለ። ሁለቱም የየራሳቸው ምርጫ ነውና ተውኩት። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲደናቀፍ ግን አልከራከርም። ዋጋው ላይ የተከራከርኩት ከእህቴ ጋር ነው። «እታለም፣ ሰው ዋጋ ካላየ ይወጣል» ብላትም ጎረቤት እንዳያይባት ሰጋች። በኋላ «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ» ብለን ተስማማን።

ባለፈው ሳምንት ያቺው የጫማ ቤት ልጅ እንደገና ሞከረች። ገጹ ወዲያው ተከፈተላት። ቁልፉን አገኘችው፤ ጥር 18ንም መረጠች፤ ከሥሩ ጃንዋሪ 26 የሚለውን አይታ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች። እኔ ፈገግ ስል እሷ ስልኳ ላይ ጎንበስ እንዳለች ነው።

«ግን ቁመቴን የት ነው የምጽፈው?»

ደብተሬን አወጣሁ።