ባህር ዳር አዝማሪ ቤት ፎቶ ማንሳትን እንዴት እንደለመድኩት

ባህር ዳር መጥቶ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ያው ጣና፣ ታንኳ፣ ጢስ አባይ ነው፣ እኔን ግን የሚስበኝ የከተማው ዘፈንና ስዕል ነው፣ አዝማሪ ቤቱ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ጥቅስ፣ ፀጉር ቤት በር ላይ በእጅ የተሳለው የፀጉር ቁርጥ። እሱማ አሁን በባነር እየተተካ ነው፣ ያልተነሳ ካለ ቶሎ ይነሳ። ካሜራዬ አሮጌ ካኖን ነው፣ ሌንሱ 50 ሚሊ 1.8፣ ርካሹ፣ ይበቃል።

አዝማሪ ቤት ስትገባ ካሜራህን ቶሎ አታውጣ። ቢራህን ይዘህ ቁጭ በል፣ ባለመሰንቆው እየዞረ አንተ ጋ መድረሱ አይቀርም፣ ያኔ ተቀበል ብለህ ግጥም ስጠው፣ ብርም ግንባሩ ላይ ለጥፍ። ፎቶ አንሺ ነኝ እያለ በነፃ የሚቀመጥ አይወደድም፣ ሰዎቹ የሚኖሩት በሽልማት ነው እኮ። አንዱ ካሜራዬን ገና ሲያይ ምን አለኝ

አንሳኝ እንጂ አንተ ልጅ ዝቅ ብለህ አንሳኝ፣
ከወደቅሁ ቆየሁ ሰው ሁሉ ረሳኝ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ ከዛ በኋላማ ማን ይከልክለኝ፣ የመሰንቆውን ጭራ ዕጣን ሲቀባ ሁሉ አጠገቡ ተንበርክኬ ነው ያነሳሁት።

ፍላሽ የሚባል ነገር እርሱት፣ ጨዋታውን ይገድላል። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ማለቴ ነው፣ 3200 አድርጌ ነው የምሰራው፣ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ቢመስልም ይምሰል። መብራቱ ቀይ ስለሆነ የሰው ፊት ቲማቲም ይመስላል፣ ስለዚህ ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ። እስክስታ ላይ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/250 ሰከንድ ካደረግከው ትከሻው ቀጥ ይላል ግን ሰውየው የደነገጠ ነው የሚመስለው፣ 1/60 ላይ ፊቱ ቁጭ ብሎ ትከሻው ሲደበዝዝ ነው ነፍስ የሚኖረው። ደግሞ በአይንህ አትጠብቅ፣ አይተህ ስትጫን አልፏል፣ ከበሮውን ስማና ከምቱ ቀደም ብለህ ተጫን።

ፎቶውን አሳጥቤ እወስድላቸዋለሁ። በቴሌግራም መላክም ይቻላል ግን የታጠበው ግድግዳቸው ላይ ይሰቀላል፣ በሚቀጥለው ስትሄድ በር ላይ ማንም አያቆምህም።

የሴት ዘፋኞችን ፎቶ ግን ሳትጠይቅ ኢንተርኔት ላይ እንዳትለጥፍ፣ እዛ እንደምትሰራ ቤተሰቧ የማያውቅ አለች፣ ደብረ ማርቆስ ወይ ሞጣ ያለ ዘመድ ቲክቶክ ላይ ሲያያት አስበው። እኔ ምርጥ ከምላቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ሃርድ ዲስክ ውስጥ ናቸው።