«ቤተሰብ ነን» ተብዬ ያለ ወረቀት ወጣሁ

ሥዕል ሠርቶ ለመሸጥ የሚያስብ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እህት ካላችሁ ይህን አስነብቡልኝ። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ወይ ተነግሮኝ አልሰማሁም ይሆናል።

በሥዕል ትምህርት ቤት ዓመታት ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለ ሰው ገላ አሳሳል ተማርኩ። ስለ ዋጋ የነገረኝ የለም። አንድ የማከብራቸው መምህር «እናንተ ብቻ ሥሩ፣ ገበያው ራሱ ይመጣል» ይሉ ነበር። ስድስት ኪሎ ወዳለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም በሄድኩ ቁጥር ይህ አባባል ትዝ ይለኛል። ገብረ ክርስቶስ በ1973 ኦክላሆማ ውስጥ በስደት ሞተ። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም የተከፈተው ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ገበያው ራሱ የሚመጣ ከሆነም ትንሽ ይዘገያል ማለት ነው።

ቀላሉን ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ሸራ የሚሉት የውጭ ዕቃ ስለማይቀመስ ከመርካቶ አቡጀዲ ገዛሁ። አናጺ ጋ ፍሬም አሠራሁ፣ ወጠርኩ። መደቡን በግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ቀባሁት (ይህን አታድርጉ፣ ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል)። ቲን ቁጥር አወጣሁ። ሥራዎቼን በቀን ብርሃን ፎቶ አንስቼ ኢንስታግራም ላይ ጫንኩ። ይኸው ነው።

ከባዱ በሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሥዕል የሚገዛው ሰው እፍኝ አይሞላም፦ የኤምባሲ ሰው፣ የአፍሪካ ኅብረትና የኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ሠራተኛ፣ ለእረፍት የመጣ ዲያስፖራ፣ ቤቱን ጨርሶ ግድግዳው ባዶ የሆነበት ነጋዴ። እነዚህን ሰዎች የሚያውቁት ጥቂት ጋለሪዎች ናቸው። የመክፈቻ ምሽት ላይ ወይን ይቀዳል፣ እንግሊዝኛ ይወራል። እኛ ወጣቶቹ ጥግ ላይ ተሰብስበን እርስ በርሳችን እናወራለን። እኔ ሦስት መክፈቻ ሄጄ አንድም ገዢ ሳላናግር ወጥቻለሁ። በአራተኛው ጓደኞቼን ጥዬ ብቻዬን ቆምኩ። ያኔ ነው የአንድ ጋለሪ ባለቤት ያናገሩኝ።

ስማቸውን አልጠራም። ሥራ የሚወዱ፣ ዓይን ያላቸው ሴት ናቸው። ይህን ለመካድ አልጽፍም።

ግንቦት 2016 ላይ አምስት ሥዕል ይዤ ሄድኩ። ሁሉም የካዛንቺስ ቆርቆሮ ጣራዎች ናቸው፣ ከዝናብ በኋላ። በሚኒባስ ነው ያመጣኋቸው። ወያላው ለሸራዎቹ የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ፤ ከፈልኩ። ባለቤቷ አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ አስደግፈው አዩዋቸው። ዝገቱን በጣታቸው ሊነኩት ደርሰው መለሱ። «ስንት ብለሻቸው ነው?» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ የተለማመድኩትን ቁጥር ረሳሁት። «እርስዎ ያውቃሉ» አልኩ። ጅል! ይህን ቃል ከአፌ ባላወጣሁ ኖሮ።

እያንዳንዱን 60 ሺህ ብር አሉ። ግማሹ የጋለሪው፣ ግማሹ የእኔ። እኔ እንኳን 60፣ 20 ሺህም አልጠበቅሁም ነበር። ወፍራም መዝገባቸው ላይ ርዕሱን፣ መጠኑንና ዋጋውን ጻፉ። «ለእኔም ቅጂ ይሰጡኛል?» ብዬ ጠየቅኩ፣ ድምፄ እንኳ አልወጣም። ሳቅ አሉና «ተይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ቤተሰብ ነን እኮ» አሉኝ። ቡና ቀረበ። እናቴን የሚያህሉ ሴት ቡና እያቀረቡልኝ ፈርሙልኝ ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ቡናዬን ጠጥቼ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ደግሞ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ መህረቱ ሥዕል ኒው ዮርክ ላይ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ ነበር። ዜናውን የሰማ ዘመድ ሁሉ ከእኔ ጋር አያይዞታል። እናቴ ለጎረቤት «የኔም ልጅ ጋለሪ ገብታለች» ስትል እየሰማሁ ወረቀት የለኝም ማለት አልሆነልኝም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ ይወሰን አለ። ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ሁለት ወር በቅጡ ሳይሞላ ከ110 አለፈ። እኔ በዚያ ሰሞን የማስበው ስለ ቀለም ነበር። አክሪሊክ የምገዛበት ሱቅ በየሳምንቱ ዋጋ ይቀይራል። መዝገቡ ላይ ያለው 60 ሺህ ትዝ እንኳ አላለኝም።

ጥቅምት 2017 ላይ ስልክ ተደወለ። ሁለቱ ተሸጡ። 60 ሺህ ብር አካውንቴ ገባ፣ የሁለቱ ድርሻዬ። በደስታ አለቀስኩ። ለእናቴ ጋቢ ገዛሁ።

ከወር በኋላ ከገዢዎቹ አንዷ በኢንስታግራም ጻፈችልኝ። ቤቷ ጠራችኝ። ሥዕሌ ሳሎኗ ውስጥ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ትንሽ መብራት በርቶለት። ደስ አለኝ። ሻይ እየጠጣን «1,050 ዶላር ለእንዲህ ያለ ሥራ ርካሽ ነው» አለችኝ። የከፈለችው በብር ነው፣ በዕለቱ ምንዛሪ ተሰልቶ። ከ115 ሺህ ብር በላይ። ሻዩ አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ለካ ጋለሪው ውስጥ ያለው የዋጋ ዝርዝር ከመጀመሪያውም በዶላር የታሰበ ነው። ግንቦት ላይ 1,050 ዶላርና 60 ሺህ ብር አንድ ነበሩ። ጥቅምት ላይ አንድ አልነበሩም። ልዩነቱ የት ሄደ? መልሱን ለማወቅ ሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሄድኩ። ሦስት ቀን የተዘጋጀሁበትን ንግግር ይዤ። ባለቤቷ አልተቆጡም፣ እሱ ነው የባሰ ያናደደኝ። መዝገቡን ገለጡ። «60 ሺህ ነው የተስማማነው። ግማሹን ሰጥቼሻለሁ። የት ላይ በደልኩሽ?» አሉ። የተሸጠበት ዋጋ ግማሽ ነው የሚገባኝ አልኩ። «ኪራዩስ እንደ ድሮው ነው? ወይኑስ? ያንቺ ቀለም ሲወደድ የእኔ መብራት ረከሰ?» አሉኝ። ግማሽ እውነት አላቸው። ግማሽ እውነት ያለው ሰው ደግሞ ለክርክር አይመችም። «ተስማምተናል» ለሚሉት ነገር የእኔ ፊርማ የትም የለም። እሳቸው ግን መዝገብ አላቸው፤ እኔ ያለኝ የቡናው ትዝታ ነው። ዛሬም ድረስ በእሳቸው ይሁን በራሴ የበለጠ የምናደደው አልለየሁትም። አይ፣ ለይቻለሁ። በራሴ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ወረቀቱ ላይ የብር መጠን ብቻ አታስጽፉ፤ «ሥዕሉ ከተሸጠበት ዋጋ ግማሽ» ይባል፣ ሽያጩ በተፈጸመ በስንት ቀን እንደሚከፈላችሁም ይጻፍ። ሁለት ቅጂ ከቤት አትማችሁ ሂዱ፣ እነሱ እንዲያዘጋጁ አትጠብቁ። ወረቀት የጠየቀ ልጅ ያኮረፈ እንዳይመስል ፈገግ እያላችሁ ስጡ። በየሥልጠናው «ከአንድ ጋለሪ ጋር ብቻ ሥሩ» ይባላል። እኔ አልስማማም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ለማንም አትታሰሩ። ግን ጋለሪ 60 ሺህ የሚለውን ሥዕል ቤታችሁ ለጓደኛ በ15 አትሽጡ፤ እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ፣ ባለቤቷም ሰምተዋል፣ በዚህኛው እሳቸው ልክ ናቸው። ግማሽ ኮሚሽን ብዙ ነው ብላችሁም አታኩርፉ። ሻይ የጋበዘችኝን ገዢ እኔ ብቻዬን መቼም አላገኛትም ነበር።

የቀሩትን ሦስት ሥዕሎች ልወስድ ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ የሣልኳቸው ጣራዎች ራሳቸው ፈርሰዋል። ባለቤቷ አልነበሩም፣ ረዳታቸው ከመጋዘን አውጥታ ሰጠችኝ። የአንዱ ጥግ ተላልጧል፣ ፕላስቲክ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። ሦስቱን በፌስታልና በገመድ አስሬ በሩ ጋ ስደርስ ጥበቃው አስቆመኝ።

«እህቴ፣ ወረቀት አለሽ?»

«የምን ወረቀት?»

«የመውጫ። ያለ ወረቀት ዕቃ አይወጣም።»

«የራሴ ሥዕሎች ናቸው።»

«እሱማ ይሆናል» አለ፣ በሚያሳዝን ጨዋነት። «ግን በምን አውቃለሁ?»

ረዳቷ መጥታ እስክትፈርምልኝ አርባ ደቂቃ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቷን ተቀብዬ ለጥበቃው ከመስጠቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሣኋት።