ከወሊድ ፈቃድ በኋላ የሁለታችንን የሥራ ግብር ስናመሳክር

እኔ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት፣ ባለቤቴ ደግሞ ደሴ ከተማ ውስጥ ተቀጥረን እንሠራለን። የወሊድ ፈቃዴን ጨርሼ በጥቅምት 2018 ወደ ሥራ ስመለስ፣ በፈቃዱ ወራት ከሁለታችን ደመወዝ የተቆረጠውን ግብር ከገቢ ግብር አዋጁ መጣኔ፣ ማለትም ገቢ ሲጨምር ከፍ ከሚለው የግብር መቶኛ ጋር ወር በወር አመሳከርን። ሕፃን ባለበት ቤት እያንዳንዷ ብር ስለምትፈለግ፣ ሌሎች ወላጆችም ይህን እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ።

አራስ ሊጠይቁኝ ከመጡት መካከል ልጅ የወለደ ሰው ግብር ይቀነስለታል ያሉኝ ነበሩ፤ የባልና የሚስት ደመወዝ ተደምሮ ግብር ይታሰብበታል ብለው የሰጉም አልጠፉም። ሁለቱም በሕጋችን የሉም። ግብሩ የሚታሰበው በእያንዳንዱ ተቀጣሪ የወር ገቢ ላይ ለብቻው ሲሆን፣ መጣኔው ተቀጣሪው ያገባ ወይም የወለደ መሆኑን አይጠይቅም። ለስሌት እንዲመች የእኔን ደመወዝ 9,000፣ የባለቤቴን 12,000 ብር ብናደርገው፣ በአሁኑ መጣኔ የእኔ ግብር 1,400፣ የእርሱ 2,250፣ በድምሩ 3,650 ብር ይሆናል። ገቢያችን ተደምሮ እንደ አንድ ሰው 21,000 ብር ቢታሰብ ኖሮ ግን 5,300 ብር በከፈልን ነበር። ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ሸክም በግብር ሕጉ ቢታሰብለት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እስከዚያው ግን ለየብቻ መታሰቡ የሚጠቅመን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀናት ሲሆን ደመወዝ ይከፈልበታል። የሚከፈለው ደመወዝ ስለሆነም እንደ ማንኛውም ወር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥበታል። በፈቃድ ላይ ሳሉ የትራንስፖርት አበል ከተቋረጠ እጅ የሚገባው ገንዘብ ማነሱ አይቀርም፤ ይህ ግን ከግብሩ ጋር መምታታት የለበትም። የቁጠባና ብድር ተቀናሽም እንዲሁ ተለይቶ መታየት አለበት።

የእኔ ፈቃድ የጀመረው በግንቦት 2017 በመሆኑ ማመሳከሩን የሚያከብድ ሌላ ነገር ነበረው። በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ 35 በመቶ የሚከፈልበት ገቢም ቀድሞ ከ10,900 በላይ የነበረው ከ14,000 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ በዚያው የ9,000 ብር ምሳሌ የሰኔው ግብር 1,745፣ የሐምሌው ግን 1,400 ብር መሆን አለበት። ሁለቱ ወራት እኩል ተቆርጦባቸው ከተገኙ መጣኔው በጊዜው አልተቀየረም ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የተጠራቀመ ክፍያ ነው። የእኔ የነሐሴ ደመወዝ ዘግይቶ ከመስከረሙ ጋር በአንድ ላይ ሲከፈለኝ፣ ግብሩ የሁለቱ ወር ድምር የአንድ ወር ገቢ እንደሆነ ተቆጥሮ ተሰልቶ ነበር። በምሳሌያችን 18,000 ብር በአንድ ወር ሲታሰብ ግብሩ 4,250 ብር ይደርሳል፤ ወሮቹ ተለይተው ቢታሰቡ ግን 2,800 ብር ብቻ ነው። ልዩነቱ 1,450 ብር ነው። የፈቃድ ደብዳቤዬንና የባንክ መግለጫዬን አያይዤ በጽሑፍ ስጠይቅ የድርጅቱ ፋይናንስ ክፍል ስሌቱን በየወሩ ለይቶ አስተካከለልኝ። ሠራተኞቹ በቅንነት ነው የተባበሩኝ፤ ይሁን እንጂ ባልጠይቅ ኖሮ ማንም አያየውም ነበር።

ከፈቃዱ በኋላ ያለ ደመወዝ ተጨማሪ ዕረፍት የወሰደች እናት ደግሞ የተመለሰችበትን ወር ለይታ ትመልከት። ግማሽ ወር ሠርታ 4,500 ብር ከተከፈላት፣ ግብሯ የሙሉ ወሩ ግብር ግማሽ፣ ማለትም 700 ብር አይደለም። መጣኔው ለአነስተኛ ገቢ ዝቅ ስለሚል 400 ብር ነው።

የባለቤቴ ስሌት ከሐምሌው ለውጥ በስተቀር ምንም ስላልተነካ በአጭር ጊዜ ጨረስነው። አሠሪ የቆረጠውን ግብር ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ለገቢዎች ማስገባት ስላለበት፣ ልዩነት ያገኘ ሰው ከዚያ በፊት ለፋይናንስ ክፍሉ ቢያመለክት ማስተካከያው እጅግ ይቀልለታል።